በመልአክና በነጋዴ መካከል፦ የሌሊት አምቡላንስ በሁለት ፊልሞች

የአምቡላንስ ጩኸት በጎዳና ላይ ሲሰማ ከአላፊ አግዳሚው ሁለት ዓይነት ምላሽ ይመጣል። አንዱ «ፈጣሪ ይማረው» ብሎ በየእምነቱ ይጸልያል፤ ሌላው «ባዶውን ነው የሚጮኸው፤ መንገድ እንዲለቁለት ብሎ ነው» እያለ ያጉረመርማል። ስለ ድንገተኛ ሕክምና ሠራተኛ ያለን አመለካከት በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች ተጠቃልሎ ይገኛል ማለት ይቻላል። ሠራተኛው ለእኛ ወይ ከሰማይ የተላከ መልአክ ነው፤ ወይ በሰው ጭንቅ የሚነግድ ነጋዴ። ሌሊቱን ነቅቶ፣ ተርቦና ተጠራጥሮ፣ በደቂቃ ውስጥ ወስኖ፣ በወሰነው ነገር እየተብሰለሰለ ማለዳ በታክሲ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ተራ ሰው ግን በሐሳባችን ውስጥ ብዙም ስፍራ የለውም።

ለዚህ የድራማው ዓለም ያለበት ተጠያቂነት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት «ኢ.አር.»፣ «ቺካጎ ሆፕ» እና «ሬስኪዩ 911» የተባሉ ሦስት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅቶችን መርምሮ ነበር። በእነዚህ ዝግጅቶች ውስጥ ልባቸው ቆሞ የደረት ግፊት ከተደረገላቸው ሰዎች 75 በመቶው ወዲያው ነፍስ ሲዘሩ ይታያሉ፤ 67 በመቶው ደግሞ ድነው ወደ ቤታቸው የሚገቡ ይመስላሉ። በእውነተኛው ዓለም ግን ከሆስፒታል ውጭ ልቡ የቆመ ሰው በሕይወት ከሆስፒታል የመውጣት ዕድሉ በዚያው በአሜሪካ እንኳ ከአሥር አንድ ያህል ነው።

ይህን የቁጥር ጨዋታ ብቻ አድርገን አንለፈው። ተመልካቹ ከቴሌቪዥን የተማረውን ተስፋ ይዞ በድንገተኛ ክፍል ደጃፍ ይቆማል፤ ወንድሙ ሳይነሣ ሲቀርም «አልሞከሩለትም» ይላል። በውሸት የተገነባ ተስፋ ወደ ቁጣ ሲለወጥ ዱላው የሚያርፈው በደራሲው ላይ ሳይሆን ነጭ ጋዎን በለበሰው ተረኛ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ፊልም ይህን ሥራ በእውነት አሳየ ወይስ አላሳየም የሚለው ጥያቄ ከኪነ ጥበብ ሸንጎ ወጥቶ ወደ ሆስፒታሉ ኮሪደር የሚዘልቅ ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ፊልሞችን ጎን ለጎን እንመለከታለን። የመጀመሪያው ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረበው «ብሪንጊንግ አውት ዘ ዴድ» የተሰኘ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ሁለተኛው የሉክ ሎረንትዘን «ሚድናይት ፋሚሊ»፣ ማለትም «የእኩለ ሌሊት ቤተሰብ»፣ የተባለው እ.ኤ.አ. የ2019 ዘጋቢ ፊልም ነው። ሁለቱም የቴሌቪዥኑን ውሸት አልደገሙም። የሚለያዩት ለአንድ ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ነው፤ ይኸውም የዚህ ሥራ ሸክም የሚያርፈው በማን ትከሻ ላይ ነው የሚል ነው።

የኒው ዮርኩ ተጸጻች

የስኮርሴዚ ፊልም የተነሣው በጆ ኮኔሊ ልብ ወለድ ላይ ነው። ኮኔሊ ራሱ በኒው ዮርክ በአምቡላንስ ሙያተኛነት ያገለገለ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሟል። የፊልም ጽሑፉን ያዘጋጀው «ታክሲ ድራይቨር»ን የጻፈው ፖል ሽሬደር ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሦስት ሌሊቶች ውስጥ ነው። ኒኮላስ ኬጅ የሚጫወተው ፍራንክ ፒርስ የተባለ የአምቡላንስ ሙያተኛ ለወራት አንድ ሰው እንኳ ማዳን አልቻለም። ሮዝ የተባለች፣ አስም የነበረባትና ቤት አልባ የሆነች ወጣት በእጁ ላይ ሞታበታለች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየመንገዱ በሚያልፉ ሰዎች ፊት ላይ የሚያየው የእርሷን መልክ ነው።

በሦስቱ ሌሊቶች ፍራንክ ከሦስት የሥራ ባልደረቦች ጋር ይመደባል። ላሪ ሐሳቡ ሁሉ ምግብ ላይ ነው። ማርከስ በሃይማኖቱ ይጽናናል። ቶም ደግሞ ድካሙን በሕመምተኞች ላይ በዱላ የሚወጣ ጨካኝ ነው። ይህ አደላደል በድንገት የመጣ አይመስልም። ሰው በየቀኑ ከሞት ጋር እየዋለ እንዴት ይኖራል ለሚለው ጥያቄ ሦስቱ ሰዎች ሦስት መልሶች ናቸው፤ በሆድ፣ በእምነት፣ በጭካኔ። ፍራንክ ከሦስቱ አንዱንም መቀበል አልቻለም። ከሥራ እንዲያባርረው አለቃውን ይለምናል፤ አለቃው ግን ሰው ስለሌለው «ነገ» እያለ ያሰናብተዋል። ከሥራ ለመባረር የሚለምን ሠራተኛና ለማባረር ጊዜ ያጣ አለቃ የሚገናኙበት ይህ ትዕይንት የሚያስቅ ቢሆንም፣ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው በምሬት ፈገግ የሚልበት እውነት አለው።

ፍራንክ ስለ ሥራው የደረሰበት ድምዳሜ የፊልሙ ትልቁ ሐሳብ ነው። ተግባሩ ማዳን መሆኑ ቀርቶ ምስክር መሆን፣ በሰው የመጨረሻ ሰዓት አጠገቡ ተገኝቶ ኀዘኑን መቀበል እንደ ሆነ ይረዳል። በቀብርና በለቅሶ ቤት ሥርዓት ላደገ አንባቢ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። እኛም ለቅሶ የምንደርሰው ሟቹን ልናስነሣ አይደለም፤ ቤተሰቡ ብቻውን እንዳይቀር ነው። አምቡላንሱ በዚህ አተያይ ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስ ለቀስተኛ ነው።

እምነትና መድኃኒት በአንድ ክፍል

የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት፣ በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሚዛን፣ በምሽት ክበብ ውስጥ የሚታየው ነው። አንድ ወጣት ሄሮይን ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ ሊቆም ደርሷል። ማርከስ በዙሪያው የቆሙትን ጥቁር የለበሱ ወጣቶች እጅ ለእጅ አያይዞ ጸሎት ያስደርሳቸዋል። ፍራንክ በዚያው ቅጽበት ናሎክሶን የተባለውን የሄሮይን ማርከሻ መድኃኒት ይወጋዋል። ወጣቱ ይነቃል፤ ሕዝቡም ተአምር አየሁ ብሎ ይደነቃል።

ስኮርሴዚ በዚህ ላይ ማርከስን አታላይ ለማድረግ ሰፊ ዕድል ነበረው፤ አላደረገውም። ማርከስ መርፌው እንደሚሠራ ያውቃል። ጸሎቱም ከልቡ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ። «ሐኪም ያክማል፣ ፈጣሪ ያድናል» በሚባልበት አገር ያደገ ተመልካች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ጠበል የተጠመቀው ሕመምተኛ ክኒኑንም የሚውጥበት፣ ነርሷም መርፌ ከመውጋቷ በፊት በልቧ የምታማትብበት ዓለም የእኛው ዓለም ነው።

የድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች እምነት ደግሞ በሃይማኖት ብቻ አይወሰንም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ተረኛ ሆኖ «ዛሬ ጭር ብሏል» ብሎ መናገር እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ቃሉ ከአፍ ከወጣ ሕመምተኛው ይጎርፋል ተብሎ ይታመናልና። ይህን እምነት በቁም ነገርም በቀልድም የፈተኑ ባለሙያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ቢ.ኤም.ጄ.» በተባለው የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአንድ ሆስፒታል የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ቃሉን መናገርና አለመናገር በሥራው ብዛት ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ሠራተኞቹ ግን አሁንም ቃሉን ይሸሻሉ። «አፍህን በመልካም ክፈት»፣ «ምነው ሟርትህ» እየተባለ ያደገ ሰው ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም። ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ቢያንስ አፉን መግዛት ይችላል፤ ምንም በማይታዘዝለት ሌሊት ውስጥ ይህች ትንሽ ሥልጣን ናት። የማርከስ ጸሎት በፊልሙ ውስጥ የሚሠራው ሥራም ከዚህ ጋር ዝምድና አለው።

መቼ ይበቃል?

የፊልሙ ድክመት የሚገለጠው ወደ ፍጻሜው ሲደርስ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት በርክ የተባለ አዛውንት ልባቸው በቤታቸው ይቆማል። ፍራንክ ሲደክም ቆይቶ የሚወዱትን ሙዚቃ እንዲከፍቱላቸው ለቤተሰቡ ይነግራል፤ ልባቸውም ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ግን አዛውንቱ በሆስፒታል አልጋ ላይ በመሣሪያ ታስረው ይቀራሉ። ልባቸው ደጋግሞ ይቆማል፤ ሐኪሞቹም በኤሌክትሪክ ንዝረት ደጋግመው ይመልሱታል። ፍራንክ የአዛውንቱ ድምፅ «ልቀቁኝ» ሲለው የሚሰማ ይመስለዋል። በመጨረሻም የልብ መቆጣጠሪያውን ሽቦ ከእርሳቸው ነቅሎ በራሱ ደረት ላይ ይለጥፍና ማስጠንቀቂያው ሳይጮህ እንዲሞቱ ያደርጋል።

ትዕይንቱ በብርሃኑና በጸጥታው እጅግ ያማረ ነው። ጥያቄው ግን ውበቱ ምን ይሸፍናል የሚለው ነው። ሕክምናን መቼ ማቆም ይገባል የሚለው ጉዳይ የድንገተኛ ሠራተኞች ከባዱና ዕለታዊው ጭንቀት ነው። በደረት ግፊት ላይ ያለ ሙያተኛ ሃያኛው ወይም ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ «ይበቃል» ማለት አለበት፤ ዙሪያውን የከበበው ቤተሰብ እያየው። ይህ ውሳኔ የሚከብደው በብዙ ሰዎች ፊት፣ ከብዙ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ የሚወሰን በመሆኑ ነው። የበርክ ሴት ልጅ ሜሪ አለች። ሚስታቸውም አሉ። ፍራንክ አንዳቸውንም ሳያማክር፣ እርሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ ተመርቶ ይወስናል። ፊልሙም ይህን እንደ ጸጋ ያቀርብልናል፤ ፍራንክ ከዚያ በኋላ ሰላም አግኝቶ ያንቀላፋል።

አንድ ሠራተኛ ማረፍ እንዲችል አንድ ሕመምተኛ በምሥጢር መሞት ነበረበት ማለት ነው። ስኮርሴዚ የብዙዎችን ጉዳይ ወደ አንድ ሰው ነፍስ ጠቅልሎ አስገብቶታል። በዚህም ምክንያት በፊልሙ ውስጥ ከቶ የማይነሣ ጥያቄ አለ፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? በአሜሪካ በአምቡላንስ የተጓዘ ሰው ኋላ ሂሳቡ በፖስታ እንደሚደርሰው የታወቀ ነው። በፍራንክ አምቡላንስ ውስጥ ግን ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ኃጢአት አለ፤ ስርየት አለ፤ ዋጋ የለም።

የሜክሲኮ ሲቲው ቤተሰብ

«ሚድናይት ፋሚሊ» የሚጀምረው ስኮርሴዚ ከተወው ቦታ ነው። ፊልሙ ሲከፈት በሜክሲኮ ሲቲ ለ9 ሚሊዮን ሕዝብ መንግሥት ያሠማራቸው የድንገተኛ አምቡላንሶች ከ45 እንደሚያንሱ ይነግረናል። የቀረውን የሚሸፍኑት በግላቸው የሚሠሩ አምቡላንሶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የኦቾአ ቤተሰብ ነው፤ አባትየው ፈር፣ የ17 ዓመቱ ልጅ ሁዋን፣ ትምህርት ቤት መዋል የሚገባው ታናሽ ወንድሙ ሆሱዌ። ሁዋን መሪውን ይጨብጣል፤ በድምፅ ማጉያ መኪናዎችን ገለል ያደርጋል፤ አደጋው ቦታ ከሌላ አምቡላንስ ቀድሞ ለመድረስ ይሽቀዳደማል። የሌሊቱን ውሎ ደግሞ በስልክ ለፍቅረኛው ይተርካል።

ሎረንትዘን ፊልሙን ራሱ ቀርጾ ራሱ አሰናድቶታል። ቁስልን ለማሳየት አይቸኩልም፤ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በሠራተኞቹ ፊት ላይ ነው። የሕመሙን መጠን የምናነበው ከእነርሱ ዓይን ነው። ይህ ጨዋነትም ጥበብም ነው።

የፊልሙ ዋና ግጭት ያለው ሕመምተኛው ከደረሰ በኋላ ባለችው አጭር ሰዓት ውስጥ ነው። አባትየው ሂሳቡን መቼ ይጠይቅ? ቀድሞ ከጠየቀ በነፍስ የሚደራደር ይመስላል። ከሕክምናው በኋላ ከጠየቀ ሕመምተኛው «የለኝም» ይላል፤ ብዙዎቹም እውነታቸውን ነው። ያልተከፈለበት ጉዞ ማለት ነገ ነዳጅ የለም ማለት ነው፤ ነዳጅ ከሌለ ደግሞ የሚቀጥለውን ሰው የሚያነሣ የለም። ፖሊሱ ጉቦውን ይፈልጋል። ጥሪ የሚጠቁመውም ድርሻውን ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ መካከል ሁዋን በፍቅረኛዋ የተመታችን ወጣት ያረጋጋል፤ ታቅፋው ስታለቅስ ዝም ብሎ ያስለቅሳታል። ያው ልጅ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሌሊቱን ገቢ ይቆጥራል። ተመልካቹ የትኛው ሁዋን እውነተኛው ነው ብሎ ለመምረጥ ሲሞክር ፊልሙ እምቢ ይለዋል። ሁለቱም አንድ ልጅ ናቸው።

ይህ እምቢታ የሚፈተነው ከሕንፃ በወደቀችው ወጣት ታሪክ ላይ ነው። ቤተሰቡ ክፉኛ የተጎዳችውን ልጅ ጭኖ፣ እናቷን ከፊት አስቀምጦ፣ ወደ መረጠው የግል ሆስፒታል ይከንፋል። ልጅቱ ትሞታለች። ወደ ሌላ፣ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ተወስዳ ቢሆን ትተርፍ ነበርን? ምርጫው ለልጅቱ የሚበጀውን በማሰብ ነበር ወይስ ሆስፒታሉ ለአምቡላንሶቹ የሚከፍለውን በማሰብ? ፊልሙ መልስ አይሰጥም። አንዳንድ ተመልካች ይህን እንደ ሽሽት ሊቆጥረው ይችላል። ነገር ግን የድንገተኛ ሠራተኛ ኑሮ ራሱ እንዲህ ነው። ሕመምተኛውን በር ላይ አስረክቦ ይመለሳል፤ የታሪኩን መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። የሠራውን ትክክል ይሁን ስሕተት ሳያውቅ ቀጣዩን ጥሪ ይቀበላል። ሎረንትዘን እኛንም በዚያው አለማወቅ ውስጥ ትቶን መሄዱ ለሙያው መታመን ነው።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ያ የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር ከተነበበ በኋላ መንግሥት የሚባለው አካል ጉቦ ጠያቂ ፖሊስ ሆኖ ካልሆነ በቀር ብቅ አይልም። አምቡላንሶቹ ለምን አነሱ? በጀቱን ማን ይወስናል? ካሜራው ከመኪናው ወርዶ አንድ ቢሮ አያንኳኳም። ስኮርሴዚ ሸክሙን ሁሉ በአንድ ሰው ነፍስ ላይ እንደ ጫነ፣ ሎረንትዘን በአንድ ቤተሰብ ኪስ ላይ ይተወዋል።

ወደ እኛ ሲመጣ

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ያለ ተመልካች ሁለተኛውን ፊልም እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊያየው አይችልም። የኬንያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጸድቅ በአንቀጽ 43 ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዳይነፈግ ደንግጓል። ይህ በተጻፈ በ5 ዓመቱ፣ በ2015፣ በናይሮቢ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲዞር ለ18 ሰዓት ያህል በአምቡላንስ ውስጥ ቆይቶ ሕይወቱ አልፏል። በዚያ አምቡላንስ ውስጥ ስለ ነበሩት ሠራተኞች እናስብ። ሕጉ ከእነርሱ ጋር ነበር፤ አልጋው ግን አልነበረም።

በአዲስ አበባ የማደንዘዣ ሕክምና ባለሙያው አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን መሥርተዋል። በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ መልአኩና ነጋዴው የማይለያዩ ሆነው ይገኛሉ። ቤትን ሸጦ ሕይወት ለማትረፍ መነሣት በጎነት ነው። ድርጅቱ እንዲቆም ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ መሰብሰብ ግድ ነው። ያለ ገቢ የሚኖር አምቡላንስ የለም፤ ወይ በሽተኛው ይከፍላል፣ ወይ መንግሥት፣ ወይ ለጋሽ።

በሞቃዲሾ የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር አብዱልቃድር አብዲራህማን አደን እ.ኤ.አ. በ2006 የመሠረቱት አሚን አምቡላንስ አገልግሎቱን በነጻ ይሰጣል። ስሙ በሶማልኛ አደራንና መታመንን ያመለክታል። እዚያ ያለው አጣብቂኝ ከገንዘብም ይከፋል። ማንኛውም የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና የሚያስተምረው የመጀመሪያ ደንብ ስፍራው ለራስህ አደጋ የሌለበት መሆኑን ሳታረጋግጥ አትግባ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2022 በሞቃዲሾ በትምህርት ሚኒስቴር አጠገብ ቦምብ በፈነዳ ጊዜ ግን፣ ቁስለኞችን ሊያነሣ የሄደ የአሚን አምቡላንስ በሁለተኛው ፍንዳታ ወድሟል፤ ሾፌሩና የመጀመሪያ ርዳታ ሠራተኛው ቆስለዋል። ደንቡን የጠበቀ ሠራተኛ የቁስለኛውን ደም ሲፈስ ቆሞ ያያል። የጣሰ ደግሞ ራሱ ቁስለኛ ይሆናል። በየሳምንቱ በዚህ ምርጫ ፊት የሚቆም ሰው በማርከስ ጸሎትም በላሪ ምሳም ቢጽናና ማን ይፈርድበታል?

እንግዲህ ምን እንጠብቅ?

ሁለቱ ፊልሞች አንዱ ሌላውን ይሞላል። ስኮርሴዚ ሠራተኛው ሌሊት ምን እንደሚያይ አሳየን። ሎረንትዘን ጠዋት ምን እንደሚቆጥር አሳየን። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ከተባለ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁለተኛውን ይመርጣል። የስኮርሴዚ ፊልም ለጀግናው እንድናዝንለት ይጠይቃል፤ ስናዝንለት ግዳጃችንን የጨረስን ይመስለናል። የሎረንትዘን ፊልም ሲያልቅ ግን ወንበራችን ላይ የሚጠብቀን ሂሳብ አለ፤ ሁዋን እጁን የዘረጋው ወደ ሕመምተኛው ብቻ አልነበረምና።

በአገራችንም ሆነ በጎረቤቶቻችን ይህን ሥራ ወደ ትያትር፣ ወደ ልብ ወለድ ወይም ወደ ፊልም የሚያመጣ ከያኒ ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ሠራተኛውን በአበባ ጉንጉን ማስጌጥ ነው። ያጌጠ ሰው ደመወዝ አይጠይቅም፣ አይደክምም፣ ተሳስቶም አያውቅምና፣ ማስጌጡ ለእኛ ርካሽ ለእርሱ ግን ውድ ነው። ሁለተኛው በአንድ መጥፎ ሌሊት ታሪክ ሙያውን በሙሉ መክሰስ ነው። ከሁለቱም የሚያድነው መንገድ ረጅም ነው፤ ከሠራተኛው ጋር አንድ ሙሉ ተረኛ ሌሊት ማሳለፍ፣ ስልኩ ሲጮኽ ፊቱን ማየት፣ ሂሳብ ሲጠይቅ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ማዳመጥ፣ ከዚያም በበጀት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ማንኳኳት። ከዚህ መንገድ የሚወጣው ሥራ ጀግና ላይኖረው ይችላል። ያየው ተመልካች ግን በሚቀጥለው ጊዜ ያ ጩኸት በጎዳናው ላይ ሲሰማ፣ ከማማተቡም ሆነ ከማጉረምረሙ በፊት፣ መኪናውን ወደ ዳር ያወጣል።